ጥጥ፣ እሳት እና ኢማም ገዛሊ

ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ የሚወጣውን መንገድ ይዞ ሽሮ ሜዳ የደረሰ ሰው የጥጥን መጨረሻ ያያል። ነጠላው፣ ጋቢው፣ ባለ ጥለቱ ቀሚስ በየሱቁ ደጃፍ ተሰቅሏል፤ ከአስፋልቱ ገባ ሲሉ ደግሞ ሸማኔው ከእቃው ሥር ተቀምጦ ማጉን በድሩ መሃል ይወረውራል። ጉለሌ ውስጥ ከሽሮ ሜዳ እስከ ቀጨኔ በፈትልና በሽመና የሚያድር ቤተሰብ ብዙ ነው። ስለ ኢማም ገዛሊ ለመጻፍ ከዚህ ሰፈር መነሣት ተገቢ ነው፤ ሰውየው የፈታይ ልጅ ናቸው፣ በዓለም የፍልስፍና ክፍሎች ስማቸውን የሚያስጠራው ምሳሌም የጥጥ ምሳሌ ነው።

ባዘቶ ጥጥ እሳት ሲነካው ይቃጠላል። ለምን? እሳት ስለነካው እንላለን፤ ነገሩም ያለቀ ይመስለናል። ኢማሙ ግን እዚህ ላይ ያስቆሙናል። ዓይናችን ያየው ሁለት ነገር ነው፤ እሳቱ ጥጡን ሲነካ አየን፣ ጥጡ ሲቃጠል አየን። አንዱ ሌላውን ሲያስገድደው ማን አየ? መከታተላቸውን አይተናል፤ መተሳሰራቸውን ግን ራሳችን ጨመርንበት። ይህ የተጻፈው በ1095 መጀመሪያ በተጠናቀቀ መጽሐፍ ውስጥ ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ስኮትላንዳዊው ዴቪድ ሂዩም ተመሳሳይ ጥያቄ አንሥቶ የአውሮፓን አሳቢዎች እንቅልፍ የነሣው ከዚያ ከ600 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

ገዛሊን ብዙ ሰው የሚያውቃቸው የፍልስፍና ጠላት፣ አልፎም በእስልምናው ዓለም የአእምሮን መብራት ያጠፉ ሰው ተደርገው ነው። መጽሐፋቸውን ላነበበ ሰው ይህ ስም አይገጥማቸውም። ዕድሜ ልካቸውን የተከተላቸው አንድ ጥያቄ ነበር፤ አውቃለሁ ስል በእርግጥ ምን አውቃለሁ? ይህን ጥያቄ ከሌሎች በፊት ለራሳቸው አቀረቡት፤ ዋጋም ከፈሉበት።

አቡ ሐሚድ ሙሐመድ አል-ገዛሊ በ1058 በዛሬዋ ኢራን ሰሜን ምሥራቅ፣ ኾራሳን በሚባለው አገር፣ በጡስ ተወለዱ። የሕይወት ታሪካቸውን የጻፉ ሰዎች እንደሚነግሩን አባታቸው ሱፍ ፈትለው እየሸጡ የሚኖሩ፣ ራሳቸው ያልተማሩ፣ ነገር ግን ከሊቃውንት ጉባኤ የማይጠፉ ሰው ነበሩ። ሞት ሲቀርባቸው ሁለቱን ወንዶች ልጆቻቸውን፣ ሙሐመድንና አሕመድን፣ ከጥቂት ገንዘብ ጋር ለአንድ ሱፊ ወዳጃቸው አደራ ሰጡ። ገንዘቡ አለቀ፤ ባለ አደራውም ድሃ ነበሩ። ስለዚህ ልጆቹ ተማሪ የሚቀለብበት መድረሳ እንዲገቡ መከሯቸው። ሁለቱ ወንድማማቾች ወደ ትምህርት የገቡት እንጀራ ፍለጋ ነው ማለት ነው። ገዛሊ በኋላ ትልቅ ሰው ሆነው ይህን አልሸሸጉም፤ ለእንጀራ የጀመሩት ዕውቀት በእንጀራ ብቻ መወሰንን እምቢ እንዳላቸው ይናገሩ ነበር። በእኛ አገር የወሎ ደረሳም ሆነ የቆሎ ተማሪ የሰፈር ሰው በሚሰጠው ምግብ እየኖረ ትልቅ ሊቅ ሲሆን ስላየን ይህ ታሪክ ሩቅ አይሆንብንም።

ከወጣትነታቸው አንድ ታሪክ አለ፤ እኔ ለማንኛውም ተማሪ ደጋግሜ ብነግረው የማልሰለቸው። ገዛሊ ከጡስ ርቀው ሄደው ተምረው፣ መምህራቸው ያሉትን ሁሉ በወረቀት ጽፈው ሲመለሱ ሽፍቶች መንገድ ላይ ዘረፏቸው። ወጣቱ ተማሪ ሽፍቶቹን ተከትለው ሄዱ፤ ሌላው ይቅርባችሁ፣ ለእናንተ የማይጠቅመውን ወረቀቴን ብቻ መልሱልኝ ብለው አለቃቸውን ለመኑ። አለቃው ሳቀ። ወረቀቱን ስንወስድብህ ዕውቀትህ አብሮ ከሄደ፣ ታዲያ ምኑን ተማርከው? አለና መለሰላቸው። ገዛሊ ይህን ቃል ከሽፍታ አፍ የመጣ የአላህ ምክር አድርገው ያዙት። ጡስ ገብተው ሦስት ዓመት ሙሉ የጻፉትን በቃላቸው ሲያጠኑ ቆዩ፤ ከዚያ ወዲህ ወንበዴ ሊወስድባቸው የሚችል ዕውቀት አልነበራቸውም። በኋላ ሕይወታቸው የሚታየው ነገር ሁሉ ከዚህ ታሪክ የሚቀጥል ይመስለኛል። ሽፍታው የጠየቃቸውን ጥያቄ በየደረጃው ደግመው ራሳቸውን ጠይቀውታል።

ቀጥሎ ኒሻቡር ሄደው በዘመኑ ስመ ጥር ከነበሩት ከአል-ጁወይኒ ሥር ተማሩ። መምህራቸው በ1085 ሲሞቱ የሰልጁቅ ሱልጣኖች ኃያል ወዚር ወደነበሩት ወደ ኒዛም አል-ሙልክ አቀኑ። ወዚሩ በየትልልቁ ከተማ ኒዛሚያ የሚባሉ መድረሳዎችን ያሠሩ ሰው ናቸው። በ1091 ገዛሊን የባግዳዱ ኒዛሚያ መምህር አድርገው ሾሟቸው። ዕድሜያቸው ገና በ30ዎቹ መጀመሪያ ነው። ባግዳድ የኸሊፋው መቀመጫ፣ ኒዛሚያው ደግሞ የዘመኑ ታላቅ ትምህርት ቤት ስለሆነ ከዚያ በላይ የሚመኙት ወንበር አልነበረም። 300 ተማሪዎችን ያስተምሩ እንደነበር ራሳቸው ጽፈዋል።

ወደ ዕድሜያቸው ማብቂያ የጻፉት “አል-ሙንቂዝ ሚነ ደላል” የሚባል ቀጭን መጽሐፍ አለ፤ ከስህተት የሚያድን እንደማለት ነው። የራሳቸውን የሐሳብ ጉዞ የተረኩበት ነው። የክርስቲያን ልጅ ክርስቲያን፣ የአይሁድ ልጅ አይሁድ፣ የሙስሊም ልጅ ሙስሊም ሆኖ ሲያድግ አይቻለሁ ይላሉ፤ ታዲያ ከወላጅና ከመምህር የወረስነውን ብናስቀምጠው በእጃችን የሚቀረው እርግጠኛ ነገር ምንድን ነው? የሐተታ ዘርዓ ያዕቆብን መጽሐፍ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ አንባቢ እዚህ ሲደርስ ቀና ማለቱ አይቀርም። የሐተታው ዘርዓ ያዕቆብም ሁሉም የኔ ሃይማኖት ልክ ነው ይላል፣ ፈራጁ ማን ነው ብሎ ይጠይቃልና። አንዱ ዋሻ ገብቶ ያስባል፣ ሌላው እንደምናየው ሚናራ ላይ ወጥተው ይዘጋሉ። የሐተታው ደራሲ ማንነት ገና የሊቃውንት ክርክር ያለበት ነው፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና ያስተማሩት ካናዳዊው ክላውድ ሳምነር የኢትዮጵያ ሰው ድርሰት ነው ብለው በሰፊው ተከራክረውለታል። የጥያቄዎቹ መመሳሰል ግን ከዚያ ክርክር ውጭም ቢሆን ሊጠና የሚገባው ነው።

ገዛሊ እርግጠኛውን ነገር ፍለጋ በስሜት ሕዋሳት ጀመሩ። ዓይን ጥላን አይቶ ቆሟል ይላል፤ ከጥቂት ቆይታ በኋላ ግን ጥላው ቦታ ለውጦ ይገኛል፣ ቀስ እያለ ሲሄድ ነበርና። ዓይን ኮከብን አይቶ ዲናር ያክላል ይላል፤ የስሌት ማስረጃ ግን ኮከቡ ከምድር እንደሚበልጥ ያሳያል። ዓይንን አእምሮ አሳፈረው። አእምሮንስ የሚያሳፍር ከበላዩ ሌላ ዳኛ እንደሌለ በምን አውቃለሁ? በሕልም ውስጥ ያለ ሰው የሚያየውን ሁሉ እውነት ነው ይላል፣ እስኪነቃ ድረስ። ይህ የነቃን የሚመስለን ኑሮስ ሌላ መንቃት የሚጠብቀው ሕልም ቢሆንስ? ፈረንሳዊው ዴካርት በ1641 ባሳተመው መጽሐፍ በዚሁ በሕልም መንገድ አልፏል። ገዛሊ በዚህ ጥርጣሬ ሁለት ወር ያህል እንደ በሽተኛ ሆነው እንደቆዩ ይናገራሉ። ያወጣቸው ክርክር አልነበረም፤ ማስረጃ የሚገነባው በመጀመሪያ እውነቶች ላይ ነው፣ እነሱ ራሳቸው ከተጠረጠሩ መሠረት የለም። አላህ በደረታቸው ውስጥ በጣለው ብርሃን ወደ አእምሮ መተማመን እንደተመለሱ ጽፈዋል።

ከዚህ በኋላ የዘመኑን አዋቂዎች በየተራ መረመሩ፤ የእምነት ተከራካሪዎችን፣ የማይሳሳት ኢማም ብቻ እውነትን ያስተምራል የሚሉትን ባጢኒዎች፣ ፈላስፎችን፣ ሱፊዎችን። ፈላስፎች ሲሉ ከአርስቶትል ትምህርት ተነሥተው የራሳቸውን ሥርዓት የሠሩትን አል-ፋራቢንና ኢብን ሲናን ማለታቸው ነው። አሠራራቸው ለማንኛውም ተከራካሪ አርአያ ይሆናል። የአንድን ትምህርት ስህተት ለማሳየት ከባለቤቶቹ እኩል፣ እንዲያውም በልጦ ማወቅ ያስፈልጋል አሉ። ከማስተማርና ከመጻፍ በተረፈች ሰዓት፣ ያለ መምህር፣ ሁለት ዓመት በማይሞላ ጊዜ ፍልስፍናን አነበቡ፤ ሌላ አንድ ዓመት ያህል ደግሞ ሲያሰላስሉት ቆዩ። የፈላስፎችን ሐሳብ ምንም ሳይነቅፉ ቁልጭ አድርገው ያቀረቡበት “መቃሲድ አል-ፈላሲፋ” የተባለ መጽሐፍም ጻፉ። መጽሐፉ በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በስፔን ቶሌዶ ወደ ላቲን ሲተረጎም ብዙ የአውሮፓ አንባቢ ገዛሊን የኢብን ሲና ተከታይ አድርጎ ቆጠራቸው። የተቃዋሚን ሐሳብ በዚህ መጠን በታማኝነት ማቅረብ ብርቅ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ታዋቂው “ተሃፉት አል-ፈላሲፋ” ነው፤ የፈላስፎች መፍረስ እንደማለት። በ20 ጥያቄዎች ፈላስፎችን ሞገቱ። በአሥራ ሰባቱ ተሳስተዋል ሲሉ በሦስቱ ግን ከእምነት ወጥተዋል አሉ፤ ዓለም መጀመሪያ የላትም በማለታቸው፣ አላህ ጥቅሉን እንጂ ዝርዝሩን አያውቅም በማለታቸው፣ ሥጋ አይነሣም በማለታቸው። በሃይማኖት ሕግ ይህ ፍርድ የሞት ቅጣት የሚያስከትል ነውና ከባድ ነው፤ ይህን የገዛሊን ገጽ አለሳልሶ ማለፍ ተገቢ አይደለም። ነገር ግን በዚያው መጽሐፍ መግቢያ ላይ የጻፉትንም ማንበብ ያስፈልጋል። ስለ ፀሐይና ጨረቃ ግርዶሽ የሥነ ፈለክ ሊቃውንት የሚሉት በሒሳብ የተረጋገጠ ነው ይላሉ፤ ግርዶሹ የሚውልበትን ቀንና ሰዓት አስቀድሞ የሚያውቀውን ሰው ሃይማኖትን እከላከላለሁ ብሎ የሚሞግት ሰው ሃይማኖትን ከጠላቶቿ ይልቅ ይጎዳታል። ሎጂክንም አልጣሉም። በመጨረሻ ዓመታቸው በጻፉት “አል-ሙስተስፋ” በተባለው የሕግ መሠረቶች መጽሐፍ መግቢያ ላይ ሎጂክን አስቀድመው አስተምረዋል።

የጥጡ ነገር ያለው በ17ኛው ጥያቄ ነው። ክርክሩ የተነሣው ከተአምር ነው። ነቢዩ ኢብራሂም እሳት ውስጥ ተጥለው አልተቃጠሉም፤ ክርስቲያኑ አንባቢም ሠለስቱ ደቂቅን ያስታውሳል። ማቃጠል የእሳት የማይለወጥ ግዴታ ከሆነ ይህ አይቻልም። ገዛሊ ግዴታነቱን ነው የጠየቁት። አንድ ምሳሌያቸው በጣም ያምራል። ዓይኑ በሽፋን ተጋርዶ የተወለደ ሰው በቀን ብርሃን ሽፋኑ ቢገፈፍለት ወዲያው ቀለማትን ያያል። ምክንያቱም የዓይኔ መከፈት ብቻ ነው ይላል። ፀሐይ ስትጠልቅና አየሩ ሲጨልም ግን ቀለማቱን የሚያሳየው የፀሐይ ብርሃን እንደነበር ይገባዋል። እኛስ ስለ እሳትና ስለ ጥጥ ፀሐይ ሳትጠልቅ ፈርደን ቢሆንስ?

እንዲህ ከሆነማ ቤት የተውኩት መጽሐፍ ስመለስ ፈረስ ሆኖ ቢጠብቀኝ ምን አስተማማኝ ነገር አለ የሚል ተቃውሞ እንደሚመጣባቸው ያውቁ ነበር፤ ራሳቸው ጽፈውታል። መልሳቸው አላህ ዓለምን በማይዛነፍ ልማድ ያስኬዳታል፣ ለእኛም የልማዱን ዕውቀት ሰጥቶናል የሚል ነው። እዚያው ገጽ ላይ ሌላ መንገድም ከፍተዋል፤ እሳት የማቃጠል ባሕርይ አለው ብንልም፣ ሰውነቱን በማይቃጠል ማዕድን የተቀባ ሰው እሳት ውስጥ ሊቆይ እንደሚችል ሁሉ፣ የማናውቀው ሌላ ምክንያት ባሕርዩን ሊያግደው ይችላል። ከሁለቱ የትኛውን ከልብ እንደያዙ ተመራማሪዎች ዛሬም አልተስማሙም።

በ1180 ግድም የኮርዶባው ፈላስፋ ኢብን ሩሽድ “ተሃፉት አል-ተሃፉት”፣ የመፍረሱ መፍረስ፣ ብለው መለሱላቸው። ምክንያትን የካደ አእምሮን ካደ፣ ዕውቀት ነገሮችን በምክንያታቸው ማወቅ ነውና አሉ። ጠንካራ መልስ ነው። እኔ ግን ገዛሊ ያነሡት ነጥብ ያልተመለሰ ይመስለኛል፤ እሳቸው የጠየቁት እሳት ያቃጥላል ወይ ብለው አይደለም፣ ግዴታውን ከየት አያችሁት ብለው ነው።

ገዛሊ ተሃፉትን በጨረሱ በወራት ውስጥ የራሳቸው ሕይወት ቆመ። ደጋፊያቸው ኒዛም አል-ሙልክ በ1092 ተገድለው ነበር። ገዛሊ ግን ከውጭ ካለው ፖለቲካ ይልቅ ስለ ውስጣቸው ይነግሩናል። ለምን እንደሚያስተምሩ ራሳቸውን ሲጠይቁ ዝናና ክብር ፍለጋ ሆኖ አገኙት። ለስድስት ወር ያህል ዛሬ ልሂድ፣ ነገ ልሂድ እያሉ ሲዋልሉ ከረሙ። በ1095 ሐምሌ ምላሳቸው ተያዘ፤ ተማሪዎቹን ለማስደሰት አንድ ቀን እንኳ ለማስተማር ሲሞክሩ ቃል አልወጣ አላቸው። ምግብ አልወርድ አለ፣ ሰውነታቸው ደከመ፤ ሐኪሞችም በሽታው የልብ ነው፣ ጭንቀቱ ካልተወገደ መድኃኒት የለውም አሉ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ከንብረታቸው ለራሳቸውና ለልጆቻቸው ከሚያስፈልገው በላይ የሆነውን አከፋፍለው፣ ወንበሩን ለወንድማቸው ለአሕመድ ትተው፣ ሐጅ እሄዳለሁ ብለው ከባግዳድ ወጡ፤ ልባቸው ያሰበው ግን ሻም (ሶርያ) ነበር።

ደማስቆ ውስጥ በታላቁ መስጊድ ሚናራ ላይ ወጥተው በሩን ዘግተው ይውሉ ነበር። ኢየሩሳሌም ሄዱ። ኬብሮን ላይ በኢብራሂም መቃብር ዘንድ ሦስት ነገር ማሉ፤ ከገዢ ደጅ ላይቆሙ፣ የመንግሥት ገንዘብ ላይቀበሉ፣ ለማሸነፍ በሚደረግ የአደባባይ ክርክር ላይገቡ። በ1096 ሐጅ አደረጉ፤ በኋላም የልጆች ናፍቆት ወደ አገራቸው መለሳቸው። ሱፊዎች ዘንድ ያገኙት መልስ ሽፍታው ከጠየቃቸው ጋር ይገናኛል። የስካርን ትርጉም ማወቅና መስከር፣ የጤናን ትርጉም ማወቅና ጤነኛ መሆን አንድ አይደለም። ሰው ስለ ትሕትና መጽሐፍ ጽፎ ትዕቢተኛ ሊሆን ይችላል።

በእነዚህ ዓመታት ትልቁን ሥራቸውን “ኢሕያእ ዑሉም አድ-ዲን”ን (የሃይማኖት ዕውቀቶችን ሕያው ማድረግ) ጻፉ። 40 መጻሕፍት በአራት ክፍል ናቸው፤ ስለ አምልኮ፣ ስለ ዕለት ኑሮ ሥርዓት፣ ሰውን ስለሚያጠፉ ጠባዮች፣ ስለሚያድኑት ጠባዮች። አበላል፣ ጋብቻ፣ ንግድ፣ ጉዞ፣ ቁጣ፣ ምቀኝነት፣ ትዕግሥት፣ ሞት ሁሉ አለበት። የመጀመሪያው የዕውቀት መጽሐፍ ስለ ገዛ ሙያ ጓደኞቻቸው የጻፉት በመሆኑ ይበልጥ ይከነክናል። በየከተማው የፊቅህ (የሃይማኖት ሕግ) ሰው ሞልቷል፣ ሙስሊም ሐኪም ግን ጠፍቷል፤ ለምን? በሕክምና ዳኝነት አይገኝ፣ የወላጅ አልባ ልጆች ንብረት ላይ መሾም አይገኝ ይላሉ። በዚሁ ቦታ ሕክምናንና ሒሳብን ብቻ ሳይሆን እርሻን፣ ሽመናንና ልብስ ስፌትን ማኅበረሰቡ ሁሉ በሚጠየቅባቸው ግዴታዎች መካከል ያስገባሉ፤ የሚሠራው ሰው ከጠፋ ኃጢአቱ የሁሉም ነው። በቀጨኔ ሸማኔና ሸክላ ሠሪ ቤተሰቦች ቡዳ እየተባሉ ለረጅም ዘመን መናቃቸውን የሚያውቅ አንባቢ ይህን ዐረፍተ ነገር ቆም ብሎ ያንብበው። ያም ሆኖ ገዛሊ የዘመናቸውም ሰው ነበሩ። በሌላ የኢሕያእ ክፍል ሸማኔን፣ ጥጥ ነጋዴን፣ እንዝርት ሠሪንና የሕፃናት መምህርን አስተያየታቸው ደካማ ነው የሚለውን የሕዝብ ሐሜት ሳይቃወሙ ያልፉታል። የፈታይ ልጅ እንዲህ መጻፋቸው ያሳዝነኛል።

መጽሐፉ ሁሉንም አላስደሰተም። በ1109 በአንዳሉስ (በሙስሊም ስፔን) በገዢዎቹ በአልሞራቪዶች ትእዛዝ በኮርዶባ ተቃጠለ። ገዛሊ ያኔ በሕይወት ነበሩ። በ1106 የኒዛም አል-ሙልክ ልጅ ጠርተዋቸው በኒሻቡር ለጥቂት ጊዜ ማስተማር ጀምረው ነበርና ኬብሮን ላይ ከማሉት መሐላ ጋር እንዴት እንዳስታረቁት በሙንቂዝ ያብራራሉ፤ ያኔ ክብር የሚያስገኘውን ዕውቀት አስተምር ነበር፣ አሁን ክብርን የሚያስጥለውን ነው ይላሉ። በታኅሣሥ 1111 በጡስ አረፉ።

የገዛሊ ትምህርት ወደ እኛ አገር በሁለት መንገድ ገብቷል። አንዱ ሕግ ነው። እሳቸው የሻፊዒ መዝሀብ (የሕግ ትምህርት መንገድ) ሊቅ ነበሩ፤ “አል-ወጂዝ” የተባለው የፊቅህ መጽሐፋቸው በሊቁ በአር-ራፊዒ በኩል አልፎ የኢማም ነወዊ “ሚንሃጅ” እንዲጻፍ መንገድ ጠረገ። በሐረርም ሆነ በወሎ የሻፊዒ ደረሳ ሚንሃጅን ሲቀራ ሳያውቀው ከገዛሊ ማዕድ ይቀምሳል። ሁለተኛው የሱፊዎች መንገድ ነው። የቃዲሪያን ጠሪቃ (የሱፊ ማኅበር) ወደ ሐረር ያስገቡት በአደን የኖሩት ሸሪፍ አቡ በክር አል-ዐይደሩስ እንደሆኑ በትውፊት ይነገራል። የሸሪፉ ቤተሰብ፣ የሀድረመውቱ (የመን) የዐይደሩስ ቤት፣ ለኢሕያእ ባለው ፍቅር የታወቀ ነው፤ ከዘሩ የሆኑት ዐብዱልቃዲር አል-ዐይደሩስ ስለ ኢሕያእ ትሩፋት ብቻ ራሱን የቻለ ድርሰት ጽፈዋል። በወሎም የጀማ ንጉሡን ሼህ ሙሐመድ ሻፊን የመሰሉ ሊቃውንት ፊቅህንና ተሰውፍን (የሱፊዎችን መንገድ) በአንድ ግቢ አስተምረዋል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ፕሮፌሰር የነበሩት ሁሴን አሕመድ በ2001 ስለ 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወሎ እስልምና ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን የመድረሳና የኸልዋ (ለብቻ ተለይቶ የማምለክ) ዓለም በዝርዝር አሳይተዋል። ሕግና የልብ ጽዳት በአንድ ሰው ውስጥ መኖር እንደሚችሉ ከገዛሊ በላይ የተከራከረ የለም።

ገዛሊን ማንበብ የሚፈልግ ከሙንቂዝ ይጀምር፤ አጭር ነው፣ ሰውየውን ያስተዋውቃል። ቀጥሎ ለአንድ ተማሪያቸው የጻፉትን “አዩሃል ወለድ” የሚባለውን ደብዳቤ ያንብብ፤ አሥር ሰይፍ ታጥቆ አንበሳ ሲመጣበት አንዱንም ስለማይመዝዝ ሰው የሚናገረው እዚያ ነው። ኢሕያእን ከዳር እስከ ዳር ለመጨረስ መቸኮል አያስፈልግም፤ ስለ ቁጣ ወይም ስለ ምቀኝነት ከሚናገረው መጽሐፍ ቢጀመር ለዕለት ኑሮ ይቀርባል። ተሃፉትን ግን ለብቻው ማንበብን አልመክርም። ኢብን ሩሽድ በመልሳቸው ውስጥ የገዛሊን ቃል በየክፍሉ እየጠቀሱ ስለሚሞግቱ፣ የእሳቸውን መጽሐፍ የያዘ ሰው ሁለቱንም ተከራካሪዎች በአንድ ጥራዝ ያገኛል። 17ኛውን ጥያቄ መጀመሪያ ይክፈት።